ሆዳችሁን የምታሳርፉ መንገደኞች፣ ስንቃችሁን በሰዓት ቋጥሩ

ሦስት ሳምንት ሙሉ በመረቅና በተቀቀለ ሥጋ የጸና ሰው ደሴ እስኪደርስ አንድ ቀን ያቅተዋል። ችግሩ የወኔ ማነስ አይደለም። ስንቁ ረፋድ ላይ ያልቅበታል፣ ወይም ምሳ ሰዓት ላይ ሲከፍተው ይሸታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ የምግብ ቤቱ ሽሮ ወይም ጦም መዋል ነው። ብዙዎቻችን ስንቅ የምንቋጥረው በምግብ ዓይነት ነው፤ ሥጋው አንድ ዕቃ፣ አትክልቱ ሌላ ዕቃ። ሁለት ጉዞ ካበላሸሁ በኋላ ይህን ትቼ በሰዓት መቋጠር ጀመርኩ። መመሪያው በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

የማወራው ሆድን ለማሳረፍ ስለሚያዝ አመጋገብ፣ ስለ ጥብቁ ደረጃው ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ጥራጥሬ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቡናና በርበሬ የተከለከለበት፣ የአጥንት መረቅ፣ የተቀቀለ ሥጋ፣ እንቁላልና በደንብ የበሰለ አትክልት የተፈቀደበት። ጋፕስ የተባለውን፣ አንጀት ይጠግናል የሚባለውን አመጋገብ የምትከተሉ ታውቁታላችሁ። የእናንተ ዝርዝር ከዚህ ቢለይ (ሎው ፎድማፕ በተባለው፣ ሆድ የሚነፉ ምግቦችን በሚቀንሰው አመጋገብ ላይ ያለ ሰው ለምሳሌ መረቁ ውስጥ ቀይም ነጭም ሽንኩርት አይጨምርም) ምግቡን ቀይሩ፣ ቅደም ተከተሉን ግን አትንኩ። አመጋገቡ አንጀት ይጠግናል አይጠግንም የሚለውን ክርክር ከሐኪማችሁ ጋር ጨርሱ።

ምሳሌዬ የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ያስደርባል፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ይውጣችኋል፣ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ደግሞ ላብ በላብ ናችሁ። ስንቅ የሚሞተው እዚያ ታች ነው።

መነሣት የሌለበት ሰው

ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሳችሁ ወይም ያለ ምክንያት ክብደታችሁ እየወረደ ከሆነ ስንቅ አትቋጥሩ፤ ሐኪም ቤት ሂዱ። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የምትወስዱ ሰዎች እንጀራና ስኳር የሌለበትን ይህን ምግብ ይዛችሁ ከመንገዳችሁ በፊት የመድኃኒት መጠናችሁን ሐኪም ይይላችሁ። መንገድ ላይ ስኳር ቢወርድባችሁ መረቅ አያነሣችሁም። ከረሜላ ወይም ስኳር ያዙ፣ በዚያ ሰዓት "ተከልክያለሁ" አይባልም።

ደረጃ 1፦ ሦስት ቀን ሲቀር ሰዓት ቁጠሩ

1. የመነሻና የመድረሻ ሰዓታችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ። አውቶቡሱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ደሴ ቢገባ 11 ሰዓት መንገድ ላይ ናችሁ።

2. በላዩ ግማሹን ጨምሩ። ጎማ ይፈነዳል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ፍተሻ ይረዝማል። 11 ሰዓቱ 16 ተኩል ሆነ ማለት ነው። የምትቋጥሩት ለ16 ተኩል ነው።

3. ምግባችሁን ለሦስት ክፈሉ። አንደኛው ቀድሞ የሚበላሽ ነው፦ እንቁላል፣ የተቀቀለ ሥጋ፣ የተቀቀለ አትክልት። ሁለተኛው ፔርሙስ የሚጠብቀው ትኩስ መረቅ ነው። ሦስተኛው ሙቀት የማይደፍረው ነው፦ ያልተላጠ አቮካዶ፣ በደንብ የበሰለ ሙዝ (ከተፈቀደላችሁ)፣ በጨው ብቻ የደረቀ ቋንጣ።

4. ለመንገድ ካሰባችሁት ምግብ ከእያንዳንዱ ዓይነት ዛሬ ቤታችሁ በልታችሁ ሞክሩት። ሆዳችሁ የማያውቀውን ነገር አውቶቡስ ላይ አትሞክሩ። ዱባ ይስማማኛል ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብረ ሲና ላይ የሚሞክር ሰው ቁልቁለቱ ላይ ሾፌሩን "አቁምልኝ" ሲል ይውላል።

5. የምታርፉበት ቤት ደውሉ። ምን እንደምትሉ ደረጃ 7 ላይ አለ።

ደረጃ 2፦ ዕቃ

አፉ ሰፊ የሆነ የብረት ፔርሙስ፣ ክዳናቸው የሚገጥም ሦስት ትንንሽ ምሳ ዕቃዎች፣ ሦስት ባለ 1 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙሶች፣ ፎይል፣ ፕላስተርና ማርከር፣ ማንኪያ፣ ትንሽ ቢላ፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ፌስታል። አይስ ቦክስ ካላችሁ እሰየው። ከሌላችሁ ጋቢ ይበቃል፤ ቅዝቃዜ ይዞ በመቆየት ከብዙ ርካሽ ቦርሳ ይሻላል።

የቡና ፔርሙስ አትውሰዱ። ጠባብ አፉ ውስጥ የመረቅ ስብ ይጋገርና ዓመት ሙሉ ቡናችሁ በግ በግ ይሸታል።

ደረጃ 3፦ ሁለት ቀን ሲቀር መረቁን ጣዱ

1. ቅልጥምና ሥጋ ያለበት አጥንት፣ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል፣ በ4 ሊትር ውኃ ጣዱ። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ ከቆላው ሰው የበለጠ ጊዜ ይፈጅባችኋል። በተራ ድስት በዝግታ አራት ሰዓት፣ በፕሬዠር ኩከር አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ አብስሉት። ቅመም የለም። ጨው መጨረሻ ላይ።

2. አጥልሉት። ፍርፋሪ ያለበት መረቅ ቶሎ ይኮመጥጣል።

3. ቶሎ አቀዝቅዙት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ትልቁን ድስት ከድነው "ሲበርድ ፍሪጅ አስገባዋለሁ" ብለው ይተኛሉ፤ ድስቱ መሐሉ ድረስ እስኪበርድ ሊነጋ ይችላል፣ ጀርም የሚራባው ደግሞ በዚያ ለብታ ላይ ነው፣ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው። መረቁን ለሁለት ለሦስት ትንንሽ ድስት ከፋፍሉ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡ፣ እያማሰላችሁ ውኃውን ሁለቴ ሦስቴ ቀይሩ። በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ይግባ።

4. የረጋውን ስብ ከላይ ግፈፉ። ጥቂት ተዉ፤ ብዙ ስብ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ያቅለሸልሻል።

5. ከአንድ ሊትር ትንሽ ያነሰውን በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጋችሁ ፍሪዘር ክተቱ። እስከ አፉ አትሙሉት፣ አራት ጣት ያህል ተዉለት፤ ሲረጋ ያብጥና ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል። ይህ ጠርሙስ ቀን በረዶ፣ ማታ እራት ነው። ሌሎቹን ሁለቱን ጠርሙሶች እንዲሁ አራት ጣት ትታችሁ በንጹሕ ውኃ አብራችሁ አርጉ። ሌላ አንድ ሊትር መረቅ ለፔርሙሱ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ።

*መብራት ቢሄድ፦* ፍሪጁን አትክፈቱ። ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48፣ ግማሽ የሆነ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ማታ ሄዶ ጠዋት ካልመጣ ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን መረቅ ተዉት። ማፍላት አያድነውም፤ አንዳንዱ ጀርም የሚተወው መርዝ በፈላ ውኃ አይጠፋም።

ደረጃ 4፦ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ

1. 600 ግራም ጥሬ ሥጋ፣ ታፋ ወይም ዶሮ፣ በጨው ቀቅሉ። ውኃው ሲወጣ አንድ ሦስተኛው ገደማ ይጎድላል፤ የሚቀረው ለአንድ ሰው ከመነሣቱ በፊት ለሚበላውና ለምሳው ይበቃል። ልክ እስኪሆን ሳይሆን በጣት እስኪፈረስ ይብሰል፤ የታመመ ሆድ የሚፈልገው ያንን ነው።

2. ሥጋውን በትሪ ላይ በስሱ ዘርጉና አቀዝቅዙ። ትኩሱን ምሳ ዕቃ ውስጥ አትክደኑ።

ይህችን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው። ሌሊት ላይ ከድስት ያወጣሁትን ትኩስ ሥጋ ምሳ ዕቃ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ እንዳይበርድብኝ ብዬ በጋቢ ጠቀለልኩት። ሸዋ ሮቢት ላይ ክዳኑን ሳላቅቀው "ፍሽ" አለ። ከላይ ላበት ወርዶበታል፣ ሥጋው በጣት ሲነካ ሙልጭልጭ ይላል፣ ሽታው ግን ያን ያህል አልነበረም። "ያን ያህል አይደለም" ብዬ በላሁት። ሁለቱን የደሴ ቀኖቼን ያሳለፍኩት ከአልጋና ከመጸዳጃ ቤት መሐል ነው። የሚሙለጨለጭ ሥጋ ባይሸትም ይጣላል። አለመሽተት ደግሞ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ዋናው መቁጠሪያ ሰዓቱ ነው።

3. ካሮትና ዝኩኒ ልጣችሁ እስኪለሰልሱ ቀቅሉ። ውኃውን በደንብ አጥሩ። ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን ለመንገድ አይሆኑም፤ አውቶቡሱ ውስጥ ከእናንተ ሌላ ሃምሳ ሰው አለ።

4. እንቁላል ሁለት፣ ውኃው ከፈላ በኋላ 14 ደቂቃ። በቀዝቃዛ ውኃ አብርዱ፣ አትላጡ። ልጣጩ የተሰነጠቀውን ዛሬውኑ ብሉት።

5. ሁሉም በተዘጋ ዕቃ ፍሪጅ ይደር።

*ስለ ቋንጣ፦* ገበያ ላይ ያለው በርበሬና ሚጥሚጣ አለበት፤ ለእናንተ አይሆንም። ቤት ውስጥ በጨው ብቻ፣ በስሱ ዘልዝላችሁ ስቀሉት። ይህ በበጋ ሳምንት ያህል ይፈጃልና ሦስት ቀን ሲቀር አይጀመርም። መድረቁ ብቻ ከኮሶ አያድናችሁም፤ ከመንገድ በፊት ቆራርጣችሁ በምጣድ ወይም በኦቨን እስኪሰበር አብስሉት። ገና መረቅ ብቻ በምትጠጡበት የመጀመሪያ ቀናት ላይ ከሆናችሁ ቋንጣውን ዝለሉት፤ ይከብዳል።

*ፍሪጅ ለሌለው፦* ዋዜማ ላይ ሥጋ አታብስሉ። ሌሊት 9 ሰዓት ተነሡና እንቁላልና ካሮት ቀቅላችሁ፣ ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ጨርሱት። ከዚያ ያለው በዚያው ሌሊት በተሠራ የፔርሙስ መረቅ፣ በቋንጣና በአቮካዶ ይታለፍ። ድሃ ስንቅ ይመስላል፣ ግን አይበላሽም።

ደረጃ 5፦ ሌሊት 10 ሰዓት መቋጠር

1. ፔርሙሱን በፈላ ውኃ ሞልታችሁ ክደኑና 10 ደቂቃ ተዉት። በቀዝቃዛ ፔርሙስ ላይ የተገለበጠ መረቅ ገና ከበር ሳትወጡ ሙቀቱን ከብረቱ ጋር ይካፈላል።

2. በዚያ መሐል ፍሪጅ ያደረውን መረቅ ጣዱ። ሲተን ሳይሆን ሲንተከተክ፣ ጥቂት ደቂቃ ይፍላ።

3. ውኃውን ድፉ፣ መረቁን ወዲያው እስከ አፍ ድረስ ሙሉ፣ ክደኑ። ፔርሙሱን ገልብጣችሁ አራግፉት። አንድ ጠብታ ከወጣ ጎሚኒውን አስተካክሉ ወይም ሌላ ፔርሙስ ያዙ፤ አሁን ካልተስተካከለ ቦርሳችሁ ውስጥ ይፈሳል።

4. ምሳ ዕቃዎቹ ላይ ፕላስተር ለጥፉና ሰዓት ጻፉ።
   - "2 ሰዓት"፦ ሁለት እንቁላል፣ ካሮት።
   - "6 ሰዓት"፦ ሥጋው ግማሹ፣ ዝኩኒ።
   - "10 ሰዓት"፦ ቋንጣ። አቮካዶው ለብቻው፣ ሳይላጥ።
   - "ትርፍ" (በፎይል)፦ ቋንጣና ሙዝ። መኪናው መንገድ ላይ ካልቆመባችሁ በቀር ደሴ ሳትገቡ አይከፈትም።

   የሥጋው ሌላ ግማሽስ? ዛሬ ቤት ብሉት፣ ከመውጣታችሁ በፊት። ሆዱን ሞልቶ የወጣ ሰው ለደብረ ሲና ቆሎ አይሸነፍም።

5. ደርድሩ። ከታች አንድ የበረዶ ጠርሙስ፣ በላዩ "6 ሰዓት"፣ በላዩ የመረቁ በረዶ፣ በላዩ "2 ሰዓት"፣ ከሁሉ በላይ ሌላው በረዶ። ቅዝቃዜ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ አንዱ በረዶ የግድ ከላይ ይሁን። ክፍተቱን በጨርቅ ጠቅጥቁ። ፔርሙሱ ከዚህ ጋር አንድ ቦርሳ አይገባም።

ደረጃ 6፦ መንገድ ላይ

ረዳቱ ቦርሳውን ተቀብሎ ፖርቶ መጋላ ላይ ሊሰቅለው ይሞክራል። አትስጡ። ፀሐይ ላይ የዋለ ስንቅ ስንቅ አይደለም፤ የአውቶቡሱ ሆድ ውስጥ ያለው የጭነት ቦታም ይግላል። እግራችሁ ሥር፣ ፀሐይ በማይመጣበት ወገን አስቀምጡ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ጠዋት ስትወጡ ፀሐይ በቀኝ ናት፤ ግራ መስኮት ያዙ።

1. ደብረ ብርሃን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ። ሰዉ ለቁርስ ሲወርድ አብራችሁ ውረዱ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ "2 ሰዓት"ን ጨርሱ። የተረፈ አይመለስም፤ ማንኪያ የነካው ምግብ ቀድሞ ይበላሻል። ባዶ እጅ መቀመጡ ካሳፈራችሁ ስኳር የሌለው ሻይ ወይም ፍል ውኃ እዘዙና ክፈሉ።

2. ከጣርማ በር በፊት አንድ ኩባያ መረቅ፣ በዝግታ። ከዚያ በላይ አትጠጡ፤ ጠመዝማዛው ያስመልሳል፣ ሽንትም ይመጣል፣ አውቶቡሱ ደግሞ በፈለጋችሁበት አይቆምም።

3. ደብረ ሲና ላይ ቆሎ በመስኮት ይመጣል። ሽታው ይፈትናል፣ አልዋሽም። መስኮቱን ዝጉ።

4. ሸዋ ሮቢት ወይም ከዚያ ወዲያ፣ 6 ሰዓት ገደማ። ምሳ ዕቃውን በጀርባ እጃችሁ ንኩት። ከፍሪጅ እንደወጣ ከቀዘቀዘ ብሉ። ለብ ካለ አስሉ፦ በረዶው ካለቀ ሁለት ሰዓት ያልሞላው ይበላል፣ የሞላው ይጣላል። አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ እዚያ ታች ብዙ ጊዜ ነው፣ አንድ ሰዓት ብቻ።

5. ፔርሙሱን በዚሁ ሰዓት ፈትሹ። መረቁ ሳይነፋ በአንድ ትንፋሽ የሚጠጣ ከሆነ ከ60 ዲግሪ ወርዷል። አሁኑኑ ጨርሱት ወይም ድፉት፤ ለማታ አይቀመጥም።

6. 10 ሰዓት፦ አቮካዶውን ቁረጡ። ልጣጩን ከመቁረጥ በፊት እጠቡት፤ ቢላው ከውጭ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይወስዳል።

ደረጃ 7፦ ዘመድ ቤት

ስንቁን ያዳነ ሰው እዚህ ይወድቃል። አክስት ወጥ ሠርታ፣ እንጀራ ዘርግታ ጠብቃለች። "አይ፣ አልበላም" ያላችኋት እንደሆነ ያዝናል ቤቱ ሁሉ።

እኔ የሚሠራልኝ ከሦስት ቀን በፊት ደውሎ ሥራ መስጠት ነው። "እትዬ፣ ሐኪም ቅመም ከልክሎኛል። እባክዎ አንድ ኪሎ አጥንትና ጥቂት ካሮት ይግዙልኝ፣ ስመጣ በጨው ብቻ ይቀቅሉልኛል።" እምቢ የተባለ ጋባዥ ይቀየማል፤ የታዘዘ ጋባዥ ግን ደስ ይለዋል፣ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል "ለልጄ መረቅ እየሠራሁ ነው" ሲሉ። ትንሽ ድስት ይዛችሁ ሂዱ፤ ለዓመታት ወጥ የተሠራበት ድስት ቢታጠብም በርበሬው አይለቅም።

"በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ!" መምጣቷ አይቀርም። ተነሡ፣ እጃቸውን ያዙ፣ "ሞትዎን ለኔ ያድርገው፣ ስድን እራሴ መጥቼ እጎርሳለሁ" በሉና የራሳችሁን ሳህን ይዛችሁ ከገበታው ጋር ተቀመጡ። ለብቻ ማዕዘን ይዞ መብላት ከእምቢታው ይብሳል። ጾም ላይ የምትደርሱ ከሆነ ስለ ሥጋውና መረቁ የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ገበታ ላይ ሲጠየቁ መልስ መፈለግ ያስጨንቃል።

የበረዶውን መረቅ እንደገባችሁ ተመልከቱ። በረዶ ካለበት ወይም እንደ ፍሪጅ ከቀዘቀዘ አፍሉና ጠጡ። ለብ ካለ ድፉት።

በአውሮፕላን ከሆነ

መረቅ በፍተሻ አያልፍም፤ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አይፈቀድም በሚባልበት አየር ማረፊያ ሁሉ ይወሰድባችኋል። የአሜሪካ ፍተሻ ላይ በረዶ የሚያልፈው ድንጋይ ሆኖ ከረጋ ብቻ ነው፤ ውኃ መቋጠር ከጀመረ ይጣላል። ደረቁን ምግብ በእጅ ሻንጣ ያዙ፣ ቢላውን ተዉት። ልዩ ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት እዘዙ፤ ብዙ አየር መንገዶች ለሆድ ሕመምተኛ ቅመም የሌለው ምግብ አላቸው፣ ግን ዳቦና ወተት ሊኖርበት ስለሚችል ስንቃችሁን አይተካም።

ወደ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ኅብረት አገሮች የምትገቡ ከሆነ ሥጋውንም ቋንጣውንም ሳታርፉ ጨርሱ። ከኢትዮጵያ የሄደ ሥጋ አያስገቡም። አሜሪካ ላይ የተረፈ ማንኛውንም ምግብ በፎርሙ ወይም በቃል አስታውቁ፤ አስታውቆ መቀማት አያስቀጣም፣ ደብቆ መያዝ ግን ያስቀጣል።

መንገድ ላይ ነገር ሲበላሽ

*ስንቁ አለቀ ወይም ተጣለ።* ምግብ ቤት ገብታችሁ ያልተላጠ የተቀቀለ እንቁላል ጠይቁ፤ ማንም ቅመም ሊጨምርበት አይችልም። ሱቅ ውስጥ አቮካዶና ሙዝ አለ። "ቅመም የሌለው ጥብስ" አትዘዙ፤ ቅቤው ውስጥ ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት አለ፣ ወጥ ቤቱ ደግሞ እሱን ቅመም ብሎ አይቆጥረውም።

*የተከለከለ ነገር ተበላ።* አትደንግጡ፣ ለማስመለስም አትሞክሩ። ቀጣዩን ምግብ መረቅ ብቻ አድርጉና ወደ ሰዓታችሁ ተመለሱ። "አንዴ ፈርሷል" ብሎ ቀኑን ሙሉ መብላት ነው ሳምንት የሚያስተኛው።

*ተቅማጥ ጀመረ።* መረቅ ብቻውን አይተካውም። ከመድኃኒት ቤት ኦአርኤስ ግዙ፣ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ብዙውን ጊዜ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡና ደጋግማችሁ ተጎንጩ። ስኳር አለበት ብላችሁ አትተዉት፤ ጨውና ውኃው ወደ ሰውነት የሚገባው በስኳሩ ነው። ደም ከታየበት፣ ትኩሳት ካለ ወይም ውኃ መያዝ ካቃታችሁ በሚቀጥለው ከተማ ወርዳችሁ ሐኪም ቤት ግቡ። ትኬቱ ይቃጠል።

*መኪናው ቆመ፣ ጨለመ።* "ትርፍ"ን አሁን ክፈቱ። መጀመሪያ ሙዙን፣ ቋንጣውን ቆጥባችሁ። ጎረቤታችሁ የሚበላው ከሌለው አካፍሉት፤ ቋንጣው ግን በርበሬ እንደሌለው ቀድማችሁ ንገሩት፣ አለበለዚያ ፊቱን ያጨማድደዋል።